ምዕራፍ 6፦ የሚታመን ሰርቮ

ሞዴል አውሮፕላን አፍንጫውን ተክሎ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚወቀሰው ሬዲዮው ነው። «ሲግናል ጠፋብኝ» ይላል አብራሪው፤ አጠገቡ የቆሙትም ሰማዩን ቀና ብለው እያዩ ይስማማሉ። ስብርባሪው ተለቅሞ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ግን ታሪኩ የሚቀየርበት ጊዜ አለ። ሪሲቨሩ አሁንም ይሠራል፣ ባትሪውም አልሞተም። ትእዛዙ ደርሶ ነበር፤ ሳይፈጸም የቀረው ዘጠኝ ግራም በሚመዝን የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው። አንድ የናይለን ጥርስ ተሸርፏል፣ ወይም አንድ ሽቦ ከብየዳው ለቋል፣ ወይም ክንዱን የሚያስረው ብሎን ሲጀመርም አልጠበቀም ነበር።

ሰርቮ የሚባለው ይህ ሳጥን ራሱን እየተቆጣጠረ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው። ውስጡ ሞተር አለ፤ የሞተሩን ፍጥነት ቀንሰው ጉልበት የሚያደርጉ ማርሾች አሉ፤ የመውጫው ዘንግ የት ላይ እንዳለ የሚናገር ፖቴንሽዮሜትር አለ፤ ሁሉንም የሚያስተዳድር ሰርኪትም አለ። ሪሲቨሩ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልክለታል። ምቱ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ከቆየ መሀል ላይ ቁም ማለት ነው። ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ሲያጥር ወደ አንዱ ጎን፣ ወደ 2 ሲረዝም ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ሰርኪቱ የታዘዘውን ቦታና ፖቴንሽዮሜትሩ የሚነግረውን ቦታ ያስተያያል፤ ልዩነት ካየ ሞተሩን ያዞራል፣ ልዩነቱ ሲጠፋ ያቆመዋል። አየሩ ገፍቶ ዘንጉን ከቦታው ሲያናጋው ልዩነት ይፈጠራል፣ ሰርቮውም መልሶ ይገፋል። ሥራው በሙሉ በፖቴንሽዮሜትሩ ምስክርነት ላይ የቆመ ነው። ምስክሩ ከተሳሳተ ሰርቮው በሙሉ ጉልበቱ ስህተቱን ይፈጽማል።

አብራሪው በሰርቮ ላይ ያለው ጥገኝነት ሁልጊዜ አልነበረም። አሜሪካውያኑ መንታ ወንድማማቾች ዋልተርና ዊልያም ጉድ እ.ኤ.አ. በ1937 በሬዲዮ ያበረሩት «ጋፍ» የተባለ ሞዴል ዛሬ በስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ አብራሪዎች የተጠቀሙበት መሣሪያ በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚሠራ ነበር። ቁልፉ ሲነካ ላስቲኩ አንድ እርምጃ ይፈታና የጭራውን ቋሚ መሪ፣ ረደሩን፣ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ወይም እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ይጥለዋል። ትንሽ መታጠፍ የሚባል ነገር አልነበረም። የእጅን እንቅስቃሴ ልክ የሚከተለው ሰርቮ በሰፊው የገባው በ1960ዎቹ ነው። የላስቲኩ ዘመን ሞዴሎች ግን አንድ ደግነት ነበራቸው፦ ማንም ባይነካቸውም ራሳቸውን አስተካክለው እንዲበሩ ሆነው ነበር የሚሠሩት። የዛሬዎቹ ፈጣንና ታዛዥ ሞዴሎች ያንን ደግነት ትተውታል። እጅ ሲያጣ የሚወድቅ አውሮፕላን የሠራ ሰው ሰርቮውን የመምረጡን ኃላፊነት አብሮ ወስዷል።

አብዛኛው ገዢ የሚመርጠው ሳጥኑ ላይ በጉልህ የተጻፉ ሁለት ቁጥሮችን አይቶ ነው። አንደኛው ቶርክ ነው፤ የማዞር ጉልበት። 3 ኪሎ ሲባል ከዘንጉ መሀል 1 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተንጠለጠለ 3 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት ማለት ነው፤ በ2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚችለው ግማሹን ነው። ሁለተኛው ፍጥነት ነው፤ 60 ዲግሪ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ። ለብዙ ዓመታት የጀማሪ አውሮፕላኖች ሰርቮ የነበረው የፉታባ ኤስ3003 በ4.8 ቮልት 3.2 ኪሎ እና 0.23 ሰከንድ ተብሎ ይሸጥ ነበር።

እንደዚህ ያሉ ቁጥሮች በጥሩ ፋብሪካ ሲጻፉ ውሸት አይደሉም። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እውነት ሆነው አለማወቃቸው ነው። ቶርኩ የሚለካው ጭነቱ በዝቶ ሞተሩ ጨርሶ ሲቆም ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ ምንም ጭነት ሳይኖር። አንድን ኩሊ ቆሞ ስንት ኪሎ እንደሚችል ጠይቆ፣ ባዶ እጁን ሲሮጥም አይቶ፣ ያን ሁሉ ኪሎ ይዞ በዚያው ፍጥነት ይሮጥልኛል ብሎ እንደ መዋዋል ነው። በተጨማሪም የቆመ ሞተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዚያ ቁጥር ላይ የሚኖር ሰርቮ ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ ከተጻፈው ቶርክ ግማሹን ብቻ «የእኔ ነው» ብሎ መቁጠር ጠቃሚ ልማድ ይመስለኛል።

ለመሆኑ ምን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል? በጭራው ላይ ያለውን አግድም መሪ፣ ኤሌቬተሩን፣ እንውሰድ። ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከማጠፊያው ወደ ኋላ ያለው ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። አውሮፕላኑ በሰከንድ 20 ሜትር እየበረረ ኤሌቬተሩ በደንብ ሲታጠፍ፣ አየሩ ማጠፊያው ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት በግምት 0.4 ኪሎ በሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ይሄ ለትንሽ ሰርቮ ምንም አይደለም። ነገር ግን የአየር ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ያው አውሮፕላን ቁልቁል ተወርውሮ በሰከንድ 40 ሜትር ቢደርስ ጉልበቱ አራት እጥፍ፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ይሆናል። አብራሪው ኤሌቬተሩን አጥብቆ የሚፈልገውም ልክ በዚያች ቅጽበት ነው፤ መሬት እየቀረበ። 1.8 ኪሎ ተብሎ የተሸጠ ሰርቮ በወረቀት ላይ ያልፋል፤ እውነተኛው አቅሙ ግማሹ ከሆነ ግን ክንዱ ታጥፎ ይቀራል፣ አውሮፕላኑም ቀና ማለት ያቅተዋል።

እግረ መንገዴን፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ የሚያበር ሰው «አየሩ ስስ ስለሆነ ሰርቮው ይቀልለዋል» ብሎ ሊያስብ ይችላል። በ2,400 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ እውነት ነው። ክንፉ ግን ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከ12 በመቶ በላይ ፈጥኖ መብረር አለበት፣ ስለዚህ መሪዎቹ ላይ የሚያርፈው ግፊት ተመልሶ እዚያው ነው። ቅናሽ የለም።

ጉልበት ከመግዛት በፊት ግን በነጻ የሚገኝ ጉልበት አለ። የሰርቮው ክንድ ላይ ብዙ ቀዳዳዎች አሉ፤ ኤሌቬተሩ ላይ በተተከለው ጆሮም እንዲሁ። ሁለቱን የሚያገናኘው ሽቦ በክንዱ ላይ ወደ መሀል ቀርቦ፣ በጆሮው ላይ ወደ ጫፍ ርቆ ሲታሰር፣ ሰርቮው ብዙ እየዞረ መሪውን ጥቂት ያንቀሳቅሰዋል። በዚህ ጉልበቱ ይባዛል። በማርሾቹ መካከል ያለው ልቅነትም መሪው ጋ ሲደርስ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ብዙ ጀማሪዎች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። ሽቦውን በክንዱ ጫፍ ላይ ያስሩና እንቅስቃሴው ሲበዛባቸው ከሪሞቱ ላይ ወደ 40 በመቶ ያወርዱታል። የገዙትን ጉልበትና ትክክለኛነት ከግማሽ በላይ በቁልፍ ጥለው ይበራሉ፤ ከዚያ «ይሄ ሰርቮ ደካማ ነው» ብለው የሚበልጥ ይገዛሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ስለ አስተማማኝነት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሰርቮውን ጉልበት አይመስለኝም። «ይህ ሰርቮ በአየር ላይ ቢሞት አውሮፕላኑ ምን ይሆናል?» ብሎ ነው መጀመር ያለበት። መልሱ ለእያንዳንዱ ቦታ የተለያየ ነው። የነዳጅ ሞተር ማፍጠኛ ሰርቮ ቢሞት ነዳጁ እስኪያልቅ ዞሮ ማረፍ ይቻላል። ረደሩ ቢሞት፣ መሀል ላይ ከቆመ፣ ብዙ ሞዴሎች በክንፍ ብቻ ታጥፈው ይመለሳሉ። የክንፎቹን መሪዎች፣ ኤሌሮኖቹን፣ ሁለት ሰርቮዎች ተካፍለው የሚነዷቸው ከሆነ አንዱ ሲሞት ሌላው እያነከሰም ቢሆን ያሳርፋል። ኤሌቬተሩ ግን ብቻውን ነው። እሱ ሲሞት አፍንጫውን የሚያነሳም የሚያወርድም የለም፤ በሞተር ኃይል ከፍና ዝቅ እያደረጉ የማሳረፍ ዘዴ ቢኖርም ለሱ ከፍታ፣ ሰፊ ሜዳና የረጋ ልብ ያስፈልጋል።

ከዚህ ተነስቼ የምመክረው ይሄ ነው፦ ገንዘቡ ለአራት እኩል ሰርቮዎች የማይበቃ ከሆነ እኩል አይከፋፈል። ጥሩው ለኤሌቬተር ይሁን፣ ቀጥሎ ለኤሌሮኖቹ፣ የተረፈው ለሌላው። ትልልቅ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ኤሌቬተሩን ለሁለት ከፍለው ለየግማሹ የራሱን ሰርቮ ይሰጡታል። አራት ተመሳሳይ ርካሽ ሰርቮዎች በጥቅል ገዝቶ በዕጣ ማከፋፈል የተለመደ ነው፤ ሰርቮው ራሱ ቢያዋጣም እንኳ በማከፋፈሉ አልስማማም።

ሁለተኛው ጥያቄ አሟሟቱ ነው። ሰርቮ ዝም ብሎ ይሞታል፣ እየተንቀጠቀጠ ይሞታል፣ ወይም ከሁሉ በከፋው መንገድ ወደ አንድ ጥግ ሄዶ እዚያው ተቸንክሮ ይሞታል። መንቀጥቀጡ ብዙውን ጊዜ የፖቴንሽዮሜትሩ ድካም ነው። አውሮፕላን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ቀጥ ብሎ በመብረር ስለሆነ፣ ሰርቮውም ያለማቋረጥ የሚሠራው መሀል አካባቢ ባለች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። የሞተሩ ንዝረት ይጨመርበትና ያቺ ቦታ ቀድማ ትፋቃለች። ሰርኪቱ የተቋረጠ መረጃ ያገኛል፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። በዚህ ምክንያት ውድ ሰርቮዎች ላይ ሳይነካካ በማግኔት የሚያነብ ሴንሰር መጥቷል። ምልክቱ አስቀድሞ ስለሚታይ ግን መንቀጥቀጥ ከሌሎቹ አሟሟቶች ይሻላል፤ መሬት ላይ ቆሞ መሪው ያለ ትእዛዝ ሲርገበገብ አይቶ «ይለፈኝ» ብሎ የሚያበር ሰው ግን ማስጠንቀቂያው አልጠቀመውም።

ማርሾችን በተመለከተ «ብረት ከፕላስቲክ ይሻላል» የሚለው ፍርድ ግማሽ እውነት ነው። የናይለን ጥርስ ቀላልና ጸጥተኛ ነው፣ አዲስ ሲሆን በደንብ ይገጥማል፤ ነገር ግን ማረፊያው ሻካራ ሆኖ መሪው ከመሬት ሲጋጭ ይሸረፋል። የብረት ጥርስ ምቱን ይችላል፤ በምላሹ ጥርስ ከጥርስ እየተፋተገ በጊዜ ብዛት ይላላል። ያ ልቅነት በዝግተኛ አውሮፕላን ላይ ትንሽ መንገዳገድ ብቻ ነው። በፈጣን አውሮፕላን ላይ ግን ልል የሆነ መሪ በአየሩ ተይዞ መርገብገብ ሊጀምር ይችላል፤ ይህ ፍላተር የሚባለው ነገር ነው፤ ከተነሳ በሰከንዶች ውስጥ ማጠፊያውን፣ አንዳንዴም ክንፉን ጭምር ይገነጥላል። ስለዚህ መሬት የሚነካ፣ ምት የሚበዛበት ቦታ ብረት ይፈልጋል፤ ትንሽ የፎም አውሮፕላን በናይለን ደስተኛ ነው፤ ፈጣን ሞዴል ላይ ደግሞ ብረት ሆኖ ልቅነቱ በየጊዜው የሚፈተሽ መሆን አለበት። የመውጫው ዘንግ በኩሽኔታ ላይ የተቀመጠ እንደሆነም መጠየቅ ተገቢ ነው። ኩሽኔታ የሌለው ዘንግ የፕላስቲኩን ቀዳዳ እየበላ ያሰፋዋል።

ዲጂታል ወይስ አናሎግ የሚለውን በአጭሩ ላልፈው። አናሎጉ ሞተሩን በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ይነካዋል፣ ዲጂታሉ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ። በዚህ ምክንያት ዲጂታሉ ቦታውን አጥብቆ ይይዛል፣ ኤሌክትሪክም አብዝቶ ይበላል። ለጀማሪ አውሮፕላን አናሎግ ይበቃል።

ኤሌክትሪኩ ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም፤ በሰርቮ ላይ ከሚለጠፈው ጥፋት ብዙው የባትሪውና የሬጉሌተሩ ነውና። አንድ ዘጠኝ ግራም ሰርቮ ሲጨናነቅ 0.7 አምፔር አካባቢ ሊስብ ይችላል። አራቱ ባንድ ጊዜ ከተጨናነቁ 2.8 ሆነ። ሬጉሌተሩን በውስጣቸው የያዙ ትንንሽ የሞተር መቆጣጠሪያዎች ግን ለሪሲቨሩና ለሰርቮዎቹ የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ 2 አምፔር ነው፤ ያንንም እንደ ልብ አይሰጡም። ተራው ሬጉሌተር ከ11.1 ቮልት ባትሪ ላይ 5 ቮልት የሚያወጣው ቀሪውን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። በ2 አምፔር ሲሠራ ሙቀቱ ወደ 12 ዋት ይደርሳል፤ ለአንዲት ቀጭን ሰሌዳ ብዙ ነው። ቮልቱ ሲወርድ ሪሲቨሩ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይነሣል፣ ሪሞቱን ፈልጎ እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳል። በሰከንድ 20 ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ሁለት ሰከንድ ማለት 40 ሜትር ያለ አብራሪ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር ወደ ጤንነቱ ይመለሳል፣ አብራሪውም ሬዲዮውን ይወቅሳል።

ስለዚህ ጠንካራ ሰርቮ መግዛት ብቻውን አውሮፕላኑን አደገኛ ሊያደርገው ይችላል። ደካማ ሬጉሌተር ላይ አራት ብርቱ ዲጂታል ሰርቮዎች የሰካ ሰው ለእያንዳንዱ መሪ ጉልበት ጨምሮ ከሁሉም በላይ ያለውን ሪሲቨር አስርቧል። የሰርቮዎቹ ከፍተኛ ፍጆታ ተደምሮ ሬጉሌተሩ ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሙቀት የማያበዛ፣ ስዊቺንግ የሚባለው ዓይነት፣ ለብቻው ይገጠም። ሌላው ስህተት ቮልት ነው። ሙሉ የተሞላ ባለ ሁለት ሴል ሊፖ ባትሪ 8.4 ቮልት አለው። ለዚህ የተሠሩ ሰርቮዎች አሉ፤ 4.8 እስከ 6 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ግን በቀጥታ ቢሰካ ሊቃጠል ይችላል።

ለረጅም ጊዜ መታመን ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ፣ የሜይናርድ ሂል አውሮፕላን አለ። ሂል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነበር፤ በስተርጅና ዓይኑ በጣም ደክሞ፣ ጆሮውም ከብዶ ነበር። «ታም 5» የተባለው፣ ከነነዳጁ ከ5 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ሞዴሉ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2003 ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ተነስቶ አትላንቲክን አቋርጦ አየርላንድ አረፈ። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ወደ 39 ሰዓት ገደማ። ከሱ በፊት የተላኩት ውቅያኖሱን ሳይሻገሩ ቀርተዋል። ባሕሩ ላይ የሚመራው በሳተላይት አቅጣጫ የሚይዝ ራስ መሪ ነበር፤ ራስ መሪ ደግሞ እንደ ሰው እጅ አያርፍም፣ በየቅጽበቱ ጥቂት ጥቂት ያስተካክላል። 39 ሰዓት ለአንድ የእሁድ አብራሪ የዓመታት በረራ ነው። ለዚያ ዓይነት ሥራ ሰርቮ የሚመርጥ ሰው ትልቁን ቶርክ አይፈልግም። ትንሽ የሚበላ፣ የማይሞቅ፣ መሀሉን የማይስት ይፈልጋል።

መሀልንና ሙቀትን የመሰሉ ጠባዮችን ጠረጴዛ ላይ መፈተሽ ይቻላል። ርካሽ የሰርቮ መሞከሪያ ሳጥን አለ፤ ከሌለ ሪሞቱና ሪሲቨሩ ይበቃሉ። መጀመሪያ መሀሉ ይሞከር። ረጅም ክንድ ይገጠምና ጫፉ የሚቆምበት ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት፤ ከግራ በኩል ተመልሶ ሲቆምና ከቀኝ ተመልሶ ሲቆም ነጥቡ አንድ መሆን አለበት። ሁለት ነጥብ ከሆነ አውሮፕላኑም ከእያንዳንዱ መታጠፍ በኋላ ሌላ ሚዛን ይኖረዋል፣ አብራሪው ሲያስተካክል ይውላል። ቀጥሎ ኃይል ሳይለቀቅ ክንዱ በጣት ቀስ ብሎ ይነቅነቅ፤ ሞተሩ ሳይዞር ምን ያህል ልል እንደሆነ ይሰማል። ከዚያ ጭነት። ሙሉ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ በክንዱ ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር ሲንጠለጠል አንድ ኪሎ በሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። 1.8 ተብሎ የተሸጠ ሰርቮ ይህን ያለ ጭንቀት አንስቶ መያዝ አለበት። ጥቂት ደቂቃ ይዞት ይቆይ፤ ሳጥኑ ሲዳሰስ ለብ ካለ ደህና ነው፣ ጣት ካቃጠለ ግን አየር ላይ አይሂድ። የሚያቃስት፣ ቆሞ እያለ የሚጮህ፣ በአንድ ቦታ ላይ የሚዘል ሰርቮ ወዲያው ይለይ። ከአንድ እሽግ የወጡ አራት ሰርቮዎች በዚህ ፈተና የተለያየ ጠባይ ሊያሳዩ ይችላሉ። ርካሽ የሚያደርጋቸውም በከፊል እሱ ነው፦ እያንዳንዱን የመፈተሹ ሥራ ከፋብሪካው ወደ ገዢው ተዛውሯል።

ግዢውም የራሱ ጉድ አለው። ኤስጂ90 የሚባለው ባለ ዘጠኝ ግራም ሰርቮ በጣም ከመኮረጁ የተነሳ ስሙ የአንድ ምርት መሆኑ ቀርቶ የአንድ መጠን መጠሪያ ሊሆን ምንም አልቀረው። ተለጣፊው ያው፣ ሰማያዊው ሳጥን ያው፣ ውስጡ ግን እንደ አምራቹ ነው። ፎርጅዱን ከኦሪጅናሉ በዓይን መለየት ከባድ ነው፤ ሚዛን ግን አንዳንዴ ያጋልጣል። ፋብሪካው 55 ግራም ያለው የብረት ማርሽ ሰርቮ 40 ቢመዝን የጎደለው ነገር ተለጣፊው አይደለም። በሻንጣ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ ከሰርቮው ጋር መለዋወጫ ማርሽና ክንድ አብሮ ያስመጣ። የክንድ መቀመጫው ጥርስ ቁጥር በየብራንዱ ይለያያል፤ የፉታባ 25፣ የሃይቴክ የቆየው መደበኛ 24፣ የጄአር 23 ነው። በግድ የተገጠመ ክንድ ጥርሱን በልቶ አንድ ቀን በባዶ ይሽከረከራል፤ ሰርቮው ሥራውን በትክክል እየሠራ አውሮፕላኑ ይወድቃል።

የመጨረሻው ነገር መቼ እንደሚጣል ነው። ከወደቀ አውሮፕላን የተነቀለ ሰርቮ «ይሠራል» ሲባል ብዙ ጊዜ የተሞከረው በእጅ ላይ፣ ያለ ጭነት ነው። የተሰነጠቀ ጥርስ ያለ ጭነት ይዞራል፤ የላላ ብየዳም ንዝረት እስኪመጣ ይይዛል። ከሃይላንዱ ፈተና በኋላም ቢሆን ወደ ኤሌቬተር አልመልሰውም። መሬት ላይ ጎማ ለሚጠመዝዝ መሪ፣ ዕቃ መጣያ በር ለሚከፍት ዘዴ፣ ወይም አርዱይኖ በሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ለሚማር ልጅ ይበቃል። ሳጥኑ ላይ በማይጠፋ እስክሪብቶ ምልክት ይደረግበት፤ ጥሩ ሰርቮዎች ወዳሉበት መሳቢያ ከተመለሰ ከሦስት ወር በኋላ ማንም አይለየውም።